የሕግ ሰውነት

«አገር በቀል» በልጅነቴ የዛፍ ቃል ነበር። ወይራው፣ ጥዱ፣ ኮሶው፣ ዋንዛው አገር በቀል ናቸው፤ ባሕር ዛፍ ግን በአፄ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነው ተብለን ተምረናል። በእስቴ ምድር፣ ከጉና ተራራ በታች ላደገ ልጅ ይህ ትምህርት ጥቂት ግራ ያጋባ ነበር። የቤታችን ማገር፣ የአጥራችን እንጨት፣ እንጀራችንን የሚያበስለው ማገዶ፣ በመጨረሻም የምንሸኝበት ቃሬዛ ሳይቀር ከእንግዳው ዛፍ ነበርና። ወይራው የቀረው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው።

ቆየት ብሎ ቃሉ ከዛፍ ወደ ድርጅት ተሻገረ። «አገር በቀል ድርጅት» ሲባል ጽሕፈት ቤቱ እዚሁ የሆነ፣ አመራሩም የአገር ልጅ የሆነ፣ ገንዘቡ ግን በአመዛኙ ከውጭ የሚመጣ ተቋም ማለት ሆነ። ሦስተኛውን ትርጉም ያገኘሁት በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ለእረፍት አገር ቤት በገባሁበት ሰሞን ነው። አንድ የውጭ ለጋሽ ያወጣው የድጋፍ ጥሪ እጄ ገባ፤ ስሙን እዚህ ማንሣት አያስፈልግም። ገንዘቡ የሚሰጠው «በአገር በቀል ማኅበረሰብ ለሚመሩ ድርጅቶችና ለግለሰቦች» ነው ይላል። ወረቀቱን ያመጡልኝ የመንደራችን እድር ዳኛ ናቸው። እሳቸው ያገኙት ከመካነ ኢየሱስ ከተማ፣ ከኢንተርኔት አሳትሞ ከሰጣቸው አንድ አስተማሪ ነው። አራት ቦታ አጥፈው በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረውት ነበር።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፤ «እንግሊዝኛውን አንተ ታውቀዋለህ። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። እኛ ነን ወይስ አይደለንም?»

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። በካናዳ፣ በአውስትራሊያና በአሜሪካ የእንግሊዝኛው ቃል ሰፋሪው ሳይመጣ በፊት በምድሪቱ የነበሩትን ሕዝቦች ይመለከታል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የነባር ሕዝቦችን መብት መግለጫ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲያጸድቅ 143 አገሮች ደገፉ፤ 4 ተቃወሙ፤ 11 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። ተቃዋሚዎቹ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና አሜሪካ ነበሩ፤ ኋላ ሁሉም አቋማቸውን ቀይረዋል። ኢትዮጵያ በዚያ ቀን ድምፅ ካልሰጡት መካከል ነበረች። የ1987ቱ የፌዴራል ሕገ መንግሥታችን ስለ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ይናገራል እንጂ ዜጋውን «ነባር» እና «መጤ» ብሎ አይለይም። ይህን በመልካም ጎኑ ነው የማየው፤ ማን ነባር፣ ማን መጤ የሚለው ጥያቄ በዚህ አገር ስንት ቤት እንዳፈረሰ እናውቃለንና።

ይህን ሁሉ ለዳኛው ማስረዳት አላስፈለገኝም። የጥሪው ማብራሪያ «አገር በቀል» የሚለውን ሰፋ አድርጎ፣ በአካባቢው ሰዎች የተመሠረተና በእነርሱ የሚመራ ማንኛውንም ስብስብ እንደሚያካትት ጽፎታል። «እንደ ዛፉ ከወሰድነው እናንተ ናችሁ» አልኳቸው።

«እንግዲያስ ጻፍልን።»

የሚጻፈው ስለ አንድ ወንዝ ነው። ከመንደራችን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደው መንገድ የሚያቋርጠው፣ በበጋ ሕፃን ልጅ በእርምጃ የሚሻገረው ወንዝ ነው። ሐምሌ ሲገባ ግን ከጉና ወገብ የሚወርደው ውኃ ድንጋይ እያንከባለለ ይመጣል፤ ድምፁ ሌሊት ቤት ድረስ ይሰማል። ሰው በክረምት ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል፣ እድርተኛው ይሰበሰባል፣ አስከሬኑ ይገነዛል፣ ቃሬዛው ይነሣል፤ ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ሁሉ ወንዙ ዳር ቆሞ ውኃው እስኪጎድል ይጠብቃል። አንዳንዴ ከሰዓት በኋላ ይጎድላል። አንዳንዴ አይጎድልም፤ አስከሬኑ ተመልሶ ያድራል። አንድ ነሐሴ ሁለት ሌሊት ያደረ አለ። ሟቹ የማን አባት እንደነበረ የአገሬው ሰው ያውቀዋል፤ እኔ እዚህ አልጽፈውም። እድሩ የፈለገው የእግረኛ ድልድይ ነበር። ድንጋዩን ራሳቸው ሊያወጡ፣ አሸዋውን ራሳቸው ሊጭኑ፣ ጉልበቱን በደቦ ሊያዋጡ ቆርጠዋል። የጎደላቸው ሲሚንቶ፣ ብረትና መሐንዲስ ነበር።

ቅጹን የሞላነው በመሪጌታው ቤት ነው። መሪጌታው የእድሩ ጸሐፊ ናቸው። በወጣትነታቸው ድጓ ተምረው፣ በጋይንቷ ቤተልሔም አስመስክረው የተመለሱ ሊቅ ናቸው። ቤተልሔም ለድጓ ምን እንደሆነች አንባቢ ያውቃል። ተማሪው በየትም ይማር በየት፣ ቤተልሔም ወርዶ በሊቃውንቱ ፊት ካላስመሰከረ ድጓው ድጓ አይባልለትም። ዝማሬ መዋሥዕት የሚሻ ደግሞ እዚያው ጋይንት ዙር አምባ ይወጣል። ስለዚህ በእኛ አገር ማስረጃ መጠየቅ እንግዳ ነገር አይደለም፤ መሪጌታው ቅጹን ሲያዩ የሰጡት አስተያየትም ከዚያው የመነጨ ነበር። የቅጹ የመጀመሪያ ጥያቄ የምዝገባ የምስክር ወረቀት ቁጥር ነው። አነበብኩላቸው። ጥቂት ካሰቡ በኋላ፣

«እኔ ቤተልሔም ሄጄ አስመሰከርኩ። እድርስ የት ሄዶ ነው የሚያስመሰክረው?» አሉ።

መልስ አልነበረኝም፤ ቦታውን ባዶ ትተን አለፍን።

ሁለተኛው ጥያቄ ባለፉት ሦስት ዓመታት በገለልተኛ ኦዲተር የተመረመረ ሒሳብ የሚል ነበር። የእድራችን ሒሳብ የሚመረመረው በየዓመቱ ጥር ላይ፣ አውድማው ከተነሣ በኋላ ነው። ከመቶ በላይ አባወራ በዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል። የገንዘብ ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ አለው፤ አንዱ በዳኛው፣ አንዱ በገንዘብ ያዡ፣ አንዱ በመሪጌታው እጅ ነው፤ ሦስቱም ካልተገኙ አይከፈትም። ብሩ በተነጠፈ ነጠላ ላይ ይፈሳል። ሁለት ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይቆጥራሉ፤ ሦስተኛው በጠጠር ይይዛል። መሪጌታው ከመዝገቡ ገቢውን በየስሙ፣ ወጪውን በየሬሳው ያነባሉ። «ለእገሌ ቀብር፣ ለጧፍ፣ ለከፈን፣ ለቡና ይህን ያህል።» የተከራከረ ይከራከራል፤ ያልከፈለ በአደባባይ ስሙ ይጠራል። ከመበለቶቹ አንዷ ተነሥታ «ለእኔ ቤት የወጣው ከዚህ ይበልጣል፤ ለምን አሳነሳችሁት?» ብላ የራሷን ዕዳ ከፍ አድርጋ ያስመዘገበችበትን ዓመት መሪጌታው እየደጋገሙ ያወሩታል። እንደዚህ ያለ ኦዲት ያለፈ ስንት ድርጅት አለ? ቅጹ የሚጠይቀው ግን ማኅተም ነው። መዝገቡን በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ጨመርኩ። የመሪጌታው እጅ ጽሑፍ እንደ ብራና ጽሑፍ የተስተካከለ ነው፤ ቀዩን ቀለም ለሟቾች ስም ብቻ ነው የሚያወጡት።

«የጥቅም ግጭት ፖሊሲ አላችሁ ወይ?» ይላል ቅጹ። ሐሳቡን በአማርኛ ለማስረዳት ጊዜ ፈጀብኝ። ከገባቸው በኋላ ግን ዳኛው ወዲያው መለሱ፤ «ገንዘብ ያዡ ቤት ሐዘን የገባ እንደሆነ ቁልፉን ያስረክባል፤ በራሱ ሬሳ ላይ ወጪ አይቆርጥም» አሉ። ይህ ደንብ እድሩ ሲቋቋም የገባ ነው። «የተጠቃሚዎች ብዛት በፆታና በዕድሜ» የሚለው ላይ ስንደርስ መሪጌታው ፈገግ ብለው «የማይሞት አለ እንዴ?» አሉ። የአባሎቹን ቁጥር ጻፍን።

እንዲህ ያለውን ነገር የተመራማሪ ዓይንም አይቶታል። አሉላ ፓንክረስት፣ ስቴፋን ደርኮንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት የኢትዮጵያ የገጠር እድሮችን እንደ መድን ተቋም መርምረዋቸዋል፤ የተጻፈ ደንብ፣ የታወቀ መዋጮ፣ አስቀድሞ የተወሰነ ክፍያ ያላቸው ሆነው አግኝተዋቸዋል። ሊቃውንቱ ያከበሩትን ቅጹ አያውቀውም።

መልሱ ከሁለት ወር በኋላ መጣ። ከዚያ በፊት ግን አንድ የስልክ ጥሪ ነበረ። ከአዲስ አበባ የደወለችው የድርጅቱ ሠራተኛ በትሕትና፣ «ይቅርታ፣ የእምነት ተቋማት በዚህ ጥሪ መሳተፍ አይችሉም» አለችኝ። ግራ ገባኝ። ለካ አድራሻችን ላይ «መካነ ኢየሱስ» የሚለውን አይታ የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መስላታለች! ከተማ ነው፣ በደቡብ ጎንደር የእስቴ ወረዳ ዋና ከተማ ነው፣ ስሙን ከደብሩ ያገኘ ነው ብዬ አስረዳሁ። ሳቀች፤ ሳቅሁ። በአድራሻችን ምክንያት መውደቁ ቀረልን።

የወደቅነው በሌላ ነው። መልሱ አጭር ነበር፤ አመልካቹ የሕግ ሰውነት ስለሌለው ለመወዳደር ብቁ አይደለም ይላል።

ወዳጄ አንባቢ፣ እዚህ ቃል ላይ ጥቂት አብረኸኝ ቁም። በሕግ ቋንቋ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ተወልዶ የሚሞተው የተፈጥሮ ሰው ነው። ሁለተኛው ሕግ ራሱ የሰውነት መብት የሚሰጠው አካል ነው፤ ኩባንያው፣ ማኅበሩ፣ ድርጅቱ። ይህ ሁለተኛው ሰው ይከሳል፣ ይከሰሳል፣ የባንክ ሒሳብ ይከፍታል፣ ውል ይፈርማል። እድር ከሁለቱም አይደለም። ሰው ሲሞት ለሰው ወግ የሚያበቃው ተቋም ራሱ ሰውነት የለውም። ለዳኛው ይህን ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያ «እኛ እኮ ነን ሰው የምንቀብረው» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ሕጉ እድርን ረስቶት አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ማኅበራት ሰፊ ክፍል አለው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ደግሞ እድርንና ዕቁብን በስም ጠርቶ «ይህ አዋጅ አይመለከታቸውም» ብሏል። በዚያ ዘመን ይህ ምሕረት ነበር። አዋጁ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብዓዊ መብት፣ በፆታ እኩልነት፣ በግጭት አፈታትና በመሰል ጉዳዮች እንዳይሠሩ የከለከለ፣ የአስተዳደር ወጪንም በ30 በመቶ የገደበ ነበር፤ ብዙ ድርጅት በእሱ ምክንያት ሥራውን ቀየረ ወይም ተዘጋ። እድር ከዚህ ሁሉ ውጭ ሆኖ ቀብሩን ቀጠለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 የውጭ ገንዘብ ገደቡን አነሣ፤ እድርና ዕቁብን ግን እንደ ቀድሞው «አይመለከታቸውም» ብሎ ተዋቸው። በሩ ለሌላው ሲከፈት ያው ምሕረት ለእድር አጥር ሆነ። በእርግጥ እድር ልሁን ያለ እንደሆነ ሌላ ልብስ ለብሶ፣ የልማት ማኅበር ተብሎ መመዝገብ ይችላል፤ በአንድ ክልል ብቻ ለሚሠራ ጉዳዩ ወደዚያው ክልል ነው፤ ለእኛ ባሕር ዳር ማለት ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አለመሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው። በካናዳ የተመዘገበ የበጎ አድራጎት ተቋም ላልተመዘገበ ቡድን ገንዘብ ለመስጠት ሥራውን ራሱ እየመራና እየተቆጣጠረ መሆኑን ማሳየት ነበረበት፤ የነባሩ ሕዝብ መሪዎች በራሳቸው ምድር የሌላ ሰው ተላላኪ እንሆናለን ወይ እያሉ ብዙ ካማረሩ በኋላ የግብር ሕጉ የላላው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። በአውስትራሊያ ያልተመዘገበ ቡድን የተመዘገበ ድርጅት ጥላ ይዞ ማመልከት ይችላል። ጥላ የሰጠው ድርጅት ግን ገንዘቡንም ሪፖርቱንም የሚይዘው እሱ ነው። ታላላቆቹ ለጋሾች እ.ኤ.አ. በ2016 ኢስታንቡል ላይ ተሰብስበው ከሰብዓዊ እርዳታው ገንዘብ 25 በመቶው በ2020 ለአካባቢ ተቋማት እንዲደርስ ቃል ገብተው ነበር፤ አልደረሰም። የአሜሪካው ዩኤስኤድም በ2021 ተመሳሳይ ቃል ገባ፤ በ2025 ተቋሙ ራሱ ተዘጋ።

«ገበሬ ገንዘብ መያዝ አይችልምና ነው» የሚል ካለ፣ መልሱ ሩቅ አገር ሳይኬድ በእኛው ዞን ይገኛል። የፊንላንድ መንግሥት ከአማራ ክልል ጋር እ.ኤ.አ. በ1994 የጀመረው የገጠር ውኃ አቅርቦትና አካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ደቡብ ጎንደርን ጨምሮ በተወሰኑ ዞኖች ይሠራ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንደ ሌላው ሁሉ ሲሚንቶውን የሚገዛውም ጉድጓዱን የሚያስቆፍረውም ፕሮጀክቱ ነበር። በ2003 ግን አሠራሩ ተገለበጠ። ውኃ የፈለገ መንደር ሴቶች ያሉበት የውኃ ኮሚቴ ይመርጣል፤ ለወረዳው ያመለክታል፤ ለወደፊቱ ጥገና የሚሆን ገንዘብ አስቀድሞ ያዋጣና ይቆጥባል። ሲፈቀድለት ገንዘቡ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል፣ ሁላችንም አብቁተ በምንለው፣ በቀጥታ ለመንደሩ ይላካል። ገበሬው ሄዶ ያወጣል፤ ሲሚንቶውን ይገዛል፤ ግንበኛውን ራሱ ቀጥሮ ራሱ ይቆጣጠራል። አሠራሩ ስለሠራ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ «ኮዋሽ» በሚል ስም ወደ ሌሎች ክልሎች ተሻገረ፤ አብቁተም በ2022 ፀደይ ባንክ ሆነ።

እነዚያ ኮሚቴዎች ከእድራችን የተለየ ምን ነበራቸው? ከአዲስ አበባ የመጣ የምስክር ወረቀት አልነበራቸውም። የተጠየቁት በጎረቤቶቻቸው መመረጣቸውን፣ ከኪሳቸው ማዋጣታቸውንና ወረዳው እንደሚያውቃቸው ብቻ ነው። ይህን ሳደንቅ እንከኑን መሸፈን አልፈልግም፤ በወረዳው በኩል የሚያልፍ ገንዘብ ከቀበሌው ጋር የተኳረፈ መንደር ዘንድ ሲደርስ ይዘገያል፤ ኮሚቴውም ለጉድጓዱ ተብሎ የተፈጠረ እንጂ እንደ እድር ሐዘንና ደስታ ያጣመረው አይደለም። ደግሞም ያ ገንዘብ የውኃ ገንዘብ ነው፤ የሚጠጣ ውኃ ለማውጣት እንጂ የሚወስድ ውኃ ለመሻገር አይሰጥም።

ስለ መሻገር ካነሣን ዘንድ ሰባራ ድልድይን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። ዐባይ ጎጃምንና ጎንደርን በሚለይበት፣ በሞጣና ቀድሞ የእስቴ አካል በነበረው አንዳቤት መካከል የቆመ ድልድይ ነው፤ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ፋሲለደስ ጊዜ እንደ ተሠራ ይነገራል። በጣሊያን ወረራ ዘመን አርበኞች የጠላትን መንገድ ለመቁረጥ አንዱን ቅስት አፈረሱት፤ ስሙም «ሰባራ» ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ ለስልሳ ዓመት ያህል ሕዝቡ የተሻገረው በገመድ ነው። በዚህ ወገን ያሉ ሰዎች ይይዛሉ፣ በዚያ ወገን ያሉት ይስባሉ፣ ተሻጋሪው ወገቡን ታስሮ በባዶው ላይ ይንጠለጠላል። እ.ኤ.አ. በ2000 ማብቂያ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት የዚህን ፎቶግራፍ አወጣ። ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ የግንባታ ተቋራጭ አየው፤ ልቡ ተነካ፤ በ2001 «ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ» የተሰኘውን ድርጅት አቋቋመ፤ በ2002 ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ሆኖ ስባሪውን በብረት አገናኘው። በ2005 ጎርፍ ወሰደው። በ2009 ከፍ ብሎ በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ አዲስ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ያ ድርጅት ኋላ በብዙ አገሮች ድልድይ ሠርቷል፤ የተወለደው ግን ከእኛ ገደል ነው።

ሰውየውን አመሰግናለሁ፤ ከልቤ ነው። ነገር ግን ስልሳ ዓመት ገመድ ሲስቡ የኖሩት ሰዎች በየትኛው መስፈርት ብቁ ሆኑ ብዬ መጠየቄን አልተውም። ማመልከቻ አልጻፉም፤ የምዝገባ ቁጥር አልነበራቸውም። ፎቶ ተነሡ። የእኛ ወንዝ ደግሞ ለፎቶ የሚሆን ግርማ የለውም፤ በበጋ የመጣ ፎቶ አንሺ ድንጋይ ብቻ ያያል።

መልሱ ከመጣ በኋላ አንድ መንገድ የቀረ መሰለ። ጥሪው «ለግለሰቦችም» ይላል። እኔ መታወቂያ አለኝ፣ የግብር ከፋይ ቁጥር አለኝ፣ የባንክ ሒሳብ አለኝ፤ በተፈጥሮም በሕግም ሰው ነኝ። በስሜ ባመለክትስ? ሐሳቡን ያቀረበው ወረቀቱን ያሳተመው አስተማሪ ነበር፤ እኔም ለጥር ስብሰባ ሄጄ አቀረብኩት። የተነሣው ክርክር ከቀትር እስከ ማታ ዘለቀ። ወጣቶቹ ደገፉ። «ሲሚንቶው ሲሚንቶ ነው፤ በማንም ስም ይምጣ» አሉ። ከሴቶቹ አንዷ፣ በዚያ ነሐሴ ሁለት ሌሊት ያደረው ሰው ልጅ፣ ተነሥታ «በሰይጣን ስም ቢመጣስ? እኔ ሁለት ሌሊት ነው የጠበቅሁት» አለች። ማንም አልገሠጻትም።

የተቃወሙት አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ቀስ ብለው ተናገሩ። «ልጃችን ነው፤ አናማውም። ገንዘቡ በእሱ ስም ከመጣ ግን ተጠያቂው እሱ ነው። ነገ ሒሳብ የጎደለ እንደሆነ ማንን ነጠላ ላይ እናስቆጥራለን? ድልድዩስ የማን ይባላል? የእገሌ ድልድይ ሊባል ነው። በእገሌ ድልድይ የተሻገረ ሬሳ የእድር ሬሳ ነው ወይ?» አሉ። ሌላም ነገር ጨመሩ፤ የሞት ገንዘብ ከሌላ ገንዘብ ጋር በአንድ ሣጥን አይደር፤ ሲደባለቅ ጠብ ይወልዳል አሉ። የቆሎ ተማሪ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ሲለምን ለራሱ ነው፤ ማንነቱን የሚጠይቀው የለም። ለመንደር የሚለምን ግን የመንደሩን ስም መያዝ አለበት። ይህን ያሉት መሪጌታው ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ክርክሩ ረገበ።

በስሜ እንዳላመለክት ተወሰነ። እውነት ለመናገር ቀለለኝ። በዚያው ቀን ሌላ ውሳኔ ተላለፈ፤ እድሩ እድር ሆኖ እንዲቀር፣ ከአባላቱ መካከል ግን ለድልድዩ ብቻ የሚሆን የልማት ማኅበር ለብቻ ሣጥን፣ ለብቻ መዝገብ ይዞ እንዲመዘገብ። የሽማግሌው ፍራቻና የሴትዮዋ ቁጣ ሁለቱም በዚያ ውሳኔ ውስጥ አሉ። መሪጌታው በዓመቱ ወጪ ላይ «ለማመልከቻ ፎቶ ኮፒና ለመሳፈሪያ» የሚል መስመር አነበቡ፤ አንዱ ተነሥቶ «ምን ተገኘበት?» ብሎ ጠየቀ። ዳኛው «መልስ» አሉ። ሒሳቡ ጸደቀ።

የማኅበሩ ምዝገባ የቀበሌውን የድጋፍ ደብዳቤ እስከ ማግኘት ደርሶ ነበር። ከዚያ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ፤ ስብሰባ ተከለከለ። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ጋይንት ደረሰ፤ ደብረ ታቦር በከባድ መሣሪያ ተመታ፤ ድልድይን የሚያስብ አልነበረም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልሉ የተነሣው ግጭት መንገዱንም መሥሪያ ቤቱንም አንድ ቀን ክፍት አንድ ቀን ዝግ አደረገው። ለአንድ ማኅተም ባሕር ዳር መውረድ የሚያስመርር ጉዞ ሆነ። የእድሩ ሥራ ግን በእነዚህ ዓመታት አልቀነሰም። መሪጌታው ቀይ ቀለም እንድልክላቸው ሁለት ጊዜ ጠይቀውኛል።

ከወንዙ ግራና ቀኝ የቆሙት የድንጋይ ግንቦች የደቦ ሥራ ናቸው፤ ሁለት በጋ ፈጅተው አለቁ። በመካከላቸው የሚዘረጋ ነገር የለም። ባለፈው ጥር ዳኛው ደውለው የዓመቱን ሒሳብ ሲነግሩኝ ከወጪው መካከል አንድ የማላውቀው መስመር ሰማሁ፤ ለገመድ መግዣ ይላል። ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ከግንብ ግንብ ወጠርነው» አሉ። «ስምንት ሰው በዚህ፣ ስምንት ሰው በዚያ ይቆማል። ቃሬዛው በመካከል ያልፋል። ዘንድሮ ማንም አላደረም።»